ገዢው የቴሌቪዥን ቤት ይፈልጋል፦ ባህር ዳር ላይ የትኛው እድሳት ያዋጣል?

የግሽ ዓባይ ደላላ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ድለላ ላይ ያለን ሰዎች ግራ የተጋባንበት ነገር ስላለ ባለሙያዎች ብታግዙን። ድሮ ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ካርታው ንጹህ ነው? ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ክረምት መኪና ይገባል? አሁን ገና በሩ ላይ ሳለ ስልኩን ያወጣና በዲሽ ወይ በዩቲዩብ የቤት እድሳት ፕሮግራም ላይ ያየውን ቤት ያሳየናል። ሳሎንና ማድ ቤት ተከፍተው አንድ ላይ፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ከነስፖት ላይቱ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። ይህን ካላገኘ መሠረቱ የጸናውን ቤት "አሮጌ ነው" ብሎ ዋጋ ይሰብራል፤ ትናንት የተቀባውን ደካማ ቤት ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ ቀብድ ይከፍልበታል። "ይቺን ግድግዳ ደርምሰን በሳምንት እናድሳታለን" የሚለውማ ስንቱ ነው።

አንድ ቤት እንደ ምሳሌ ላስቀምጥ። በ2001 ዓ.ም. የተሠራ ብሎኬት ቤት፣ ይዞታው 200 ካሬ፣ ሳሎኑ 4 በ5፣ ሦስት መኝታ አለው። ማድ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ባለ 15 ብሎኬት ግድግዳ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር። ኮርኒሱ ችፑድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አፈሩ ጥቁር። በምዕራብ በኩል ያለው የሳሎን ግድግዳ ከግርጌው እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተልጧል። ሻጮቹ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አሳምረው ሊሸጡት አስበዋል። የቱ ላይ ቢያወጡ ገንዘቡ ከዋጋው ይመለሳል? ግድግዳውስ ይፈርሳል? ለገዢውስ ምን ብለን እናስረዳው?

ኢንጂነር ከፔዳ፦

ሰላም ወንድሜ። ከግድግዳው ልጀምር፣ ገዢው ከስክሪኑ ይዞት የሚመጣው ትልቁ ስህተት እሱ ነውና።

በእነዚያ ፕሮግራሞች ላይ በመዶሻ ሲመታ የሚበሳው ግድግዳ ግድግዳ መምሰሉ እንጂ እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ መኖሪያ ቤት የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው የእንጨት ቋሚ ነው፤ ወደ 4 በ9 ሴንቲ የሚጠጋ እንጨት በየ40 ሴንቲው ይቆምና በሁለቱም ፊት 12 ሚሊ ጂፕሰም ቦርድ ይለበጥበታል። ሁለት ሰው በግማሽ ቀን ያነሳዋል። የእናንተን ግድግዳ አስሉት፦ 3 ሜትር በ2.80 ማለት 8.4 ካሬ ነው። ለአንድ ካሬ 13 ገደማ ብሎኬት ስለሚገባ 110 አካባቢ ብሎኬት ይሆናል፤ የሁለቱን ፊት ልስን ስትጨምሩበት የሚወጣው ፍርስራሽ ወደ 2 ቶን ይጠጋል። እሱን መጫኛ፣ መድፊያ፣ የተቆረጠውን ወለልና ኮርኒስ መጠገኛ ሁሉ ሂሳብ ውስጥ ይግባ።

ከክብደቱ የሚብሰው ግን ግድግዳው ምን እንደተሸከመ አለማወቅ ነው። እዚህ ከተማ የምናገኘው ቤት ሦስት ዓይነት ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ጣሪያውን የያዙት ግድግዳው ውስጥ ያሉት የባህር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው፤ ግድግዳ አፈረስክ ማለት ቋሚ ነቀልክ ማለት ነው። ቆየት ያሉት ብሎኬት ቤቶች ብዙዎቹ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) የላቸውም፤ ጣሪያው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው የተቀመጠው። ኮለንና ቢም (አግድም የሚሄድ ኮንክሪት) ያለው ቤት ላይ ብሎኬቱ ሙሌት ስለሆነ ሊወጣ ይችላል፤ እሱም ቢሆን የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር እንዳላለፈበት ከተረጋገጠ በኋላ። የእናንተን ቤት ለመለየት ከችፑዱ አንዱን ገበታ አንስቶ በባትሪ ማየት ይበቃል። የጣሪያው ትራስ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) ጫፉ ወይ መሃሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ካረፈ ተሸካሚ ነው። ከግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የኮንክሪት ቢም መኖሩንም በዚያው እዩ።

ተሸካሚ ከሆነና የግድ መክፈት ካለባችሁ ሙሉውን አትክፈቱ። በጂ+0 (ፎቅ የሌለው) የቆርቆሮ ቤት ላይ 1.50 ሜትር የሚሆን ክፍተት በሁለቱም ወገን ግድግዳው ላይ ቢያንስ 25 ሴንቲ በሚያርፍ የአርማታ ቢም ይያዛል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ትራሶቹ ከግድግዳው በግራና በቀኝ በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ይደገፋሉ፤ ከፑንቴሎው በላይም በታችም እንጨት ይነጠፋል፣ አለበለዚያ ወለሉን ይበሳል። ቀጥሎ የአርማታው ቦታ ብቻ ይፈለፈላል፣ ባለ 12 ፌሮ አራት ዘንግ በየ15 ሴንቲው በስታፋ (ዘንጎቹን በሚይዝ የፌሮ ቀለበት) ታስሮ ይገባል፣ ይሞላል። ፑንቴሎው ቢያንስ 14 ቀን ይቆያል፤ ከአርማታው በታች ያለው ብሎኬት የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብሎኬቱን ቀድሞ አውጥቶ አርማታውን ኋላ ይሞላል። በነጋታው ኮርኒሱ ይሰነጠቃል፣ በር አልዘጋ ይላል። ከዚህ ስፋት በላይ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ጂ+1 ከሆነ፣ ልኩን መሐንዲስ ያስላው። ተሸካሚ አካል መንካት የማሻሻያ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አትርሱ፤ በሽያጭ ሰዓት ካርታው ላይ ካለው ፕላን ጋር ሳይመሳሰል ሲቀር ገዢው ራሱ ነው የሚይዛችሁ።

ምዕራብ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቀለም እንዳትነኩ። እስከ ጉልበት የተላጠ ቀለም ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ውጪውን ዙሩና እዩ፦ አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ተከምሯል? ማርሻፔዲው (ቤቱን የሚዞረው የሲሚንቶ ንጣፍ) ተሰንጥቋል ወይ ጭራሽ የለም? አሸንዳ የለውም? ብዙ ጊዜ ሦስቱም ይገኛሉ። አፈሩ ከወለሉ 15 እስከ 20 ሴንቲ ዝቅ ይበል፣ ማርሻፔዲው አንድ ሜትር ስፋት ይኑረውና በሜትር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ወደ ውጪ ያዘንብል፣ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳና በቱቦ ወደ ቦይ ይሂድ። ጥቁር አፈር ላይ ይህ ለእርጥበቱ ብቻ አይደለም። ይህ አፈር ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በአንድ ጥግ ብቻ ውሃ ከጠጣ ያን ጥግ ያነሳዋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደውን ስንጥቅ የሚያመጣው ይኸው ነው።

ውጪው ከተስተካከለ በኋላ የተበላሸው ልስን ከእርጥበቱ መስመር 40 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይነሳል፣ ነጩ ጨው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል (በውሃ ካጠባችሁት መልሶ ይገባል)፣ ግድግዳው ይደርቅ፣ ከዚያ ይለሰን። በሐምሌ ግን አይደርቅም። ይህ ሥራ የኅዳርና የታኅሣሥ ነው።

ከካሜራ ጀርባ፦

ለገዢው ምን እንበለው ላልከው፣ ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ንገሩት። "ኤክስትሪም ሜክኦቨር፦ ሆም ኤዲሽን" የተባለው የአሜሪካው የኤቢሲ ፕሮግራም (እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012) ቤቱን በሰባት ቀን ነበር የሚጨርሰው። ግን ሌት ተቀን በፈረቃ የሚሠራ ብዙ ሠራተኛ፣ ከሥራ ተቋራጮችና ከአምራቾች በነጻ የሚገባ ቁሳቁስ ነበረው። ኋላ ላይ ከቤቶቹ መካከል የንብረት ግብሩና የመብራት ሂሳቡ ለባለቤቶቹ የከበደባቸው ነበሩ። "ሃውስ ሀንተርስ" የተባለው ሌላ የአሜሪካ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ገዢዋ ሦስት ቤት አይታ ስትመርጥ የምታዩት ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት ተሳታፊ እንደተናገረችው፣ ቤቱን ቀድማ ገዝታው ኖሮ ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ የሚታየው ሶፋና ምንጣፍም ብዙ ጊዜ ለቀረጻ የመጣ ነው፤ ካልተገዛ ተመልሶ ይጫናል።

ሌላም አለ። ካሜራው ሰፊ ሌንስ ነው፣ 4 በ5 ሳሎን 6 በ7 ያስመስላል። ስለዚህ ደላሎችም የስልካችሁን 0.5 ሌንስ አታብዙበት፤ ገዢው መጥቶ ሲያየው ያንሰውና ቅር ብሎት ይሄዳል።

ሦስት ፌዝ፦

ስለ ኤሌክትሪክ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። በቲቪ የሚታየው ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ የለም! እኛ ቤት ከሁሉም በላይ የምትጎትተው እሷ ናት። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ትወስዳለች፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። ቦይለር 1.5 ወይ 2 ኪሎዋት፣ ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭ ወደ 2፣ የውሃ ፓምፕ 0.75። አንድ ላይ ሲበሩ ከ7.75 ኪሎዋት በታች አይወርድም፣ ወደ 35 አምፒር።

የ2001 ቤት ላይ የሚገኘው ደግሞ ማድ ቤትና ሳሎን በአንድ ባለ 2.5 (ስኩዌር ሚሊ) ሽቦ ተያይዘው ነው። እድሳት ሲደረግ ቀለሙና ጂፕሰሙ ይቀየራል፣ ሽቦው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ማንም አያየውማ። ብሬከሩ ሲያስቸግር አንዳንዱ ኤሌክትሪሽያን ባለ 16 አምፒሩን አውጥቶ ባለ 32 ይከታል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የለም፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይነዳል።

መሆን ያለበት፦ ምጣድ ለብቻዋ ባለ 4 ሽቦ ከባለ 25 ብሬከር ጋር። ቦይለር ለብቻው ባለ 2.5 ከባለ 16 ጋር። መብራት ባለ 1.5 ከባለ 10 ጋር። ኧርዙ (የመሬት መስመሩ) ከቆጣሪው አጠገብ መሬት ውስጥ በተቀበረ ዘንግ መያያዙን እዩ፤ ቦይለር ባለበት ቤት ኧርዝ ከሌለ ገላ መታጠቢያው ውስጥ ሰው ይይዛል።

ለገዢ የምነግረው ዘዴ ቀላል ነው። ቤቱን ስታይ ምጣዱንና ቦይለሩን አብራ፣ 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ በመዳፍህ የብሬከር ሳጥኑን ክዳንና የሶኬቱን ፊት ዳስስ። ሞቅ ካለ ወይ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ከውስጥ የላላ ወይ የቀጠነ ነገር አለ። ጂፕሰሙ ላይ ካሉት ስፖቶች አንዱን ጎትተህ አውጣው፤ በሁለት ምንጭ የተያዘ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሽቦው በስካቶላ (በሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ከተገናኘ ደህና። በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን አይጥ የሚያገኘው መጀመሪያ እሱን ነው።

ግድግዳ እየፈለፈላችሁ አዲስ መስመር ስታወጡ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች እንጂ አግድም አትፈልፍሉ። ባለ 15 ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ አግድም ስትቆርጠው ፊቱን ትለያያለህ።

ፎርማን 28 ጌጅ፦

ኢንጂነር ያለው ትክክል ነው፤ የጭቃ ቤት ላይ ግን አንድ ልጨምር። ሰዉ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስንና "ብሎኬት መሰለ" ብሎ ይሸጣል። ሲሚንቶና ምርጊት አብረው አይንቀሳቀሱም። የዶሮ ሽቦ ቋሚዎቹ ላይ በሚስማር ካልተወጠረ በሁለት ክረምት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይለቃል። ግድግዳውን አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ልስኑ ለቋል። ቋሚውን ከግርጌ በካቻቢቴ ውጉት፤ ካቻቢቴው ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ጨርሶታል። ውስጡን ለቄስ ነው።

አሁን ገበያው ውስጥ የበዛው ደግሞ ሞደርን የሚሉት ፓራፔት ነው፤ ቆርቆሮውን በአጭር ግድግዳ ከልሎ ቤቱን ሳጥን ማስመሰል። በስልክ ፎቶ ላይ ያምራል፣ አልክድም። ባህር ዳር ግን በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ዝናብ ይወርድባታል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 120 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ቢወርድ 4,800 ሊትር፤ ያ ሁሉ ውሃ ከፓራፔቱ ጀርባ ባለች ጠባብ አሸንዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቁልቁለቱ በሜትር አንድ ሴንቲ ካልሞላ፣ ወይ መውረጃው አንድ ብቻ ከሆነና ቅጠል ከደፈነው፣ ውሃው ወደ ውጪ መፍሰሻ የለውም፤ ወደ ኮርኒሱ ነው። ስለዚህ ፓራፔት ያለው ቤት ሲታይ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ መውረጃው ባለ 110 ቱቦ ሆኖ ቢያንስ ሁለት ነው? ትርፍ ውሃ በግድግዳው በኩል የሚወጣበት ቀዳዳ አለ? መሰላል ተቀምጦ አሸንዳውን መጥረግ ይቻላል? ሦስቱንም ካላገኛችሁ፣ ጂፕሰሙ ላይ ቢጫ ክብ ፈልጉ። ከሌለም ሰሞኑን ተቀብቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ቆርቆሮ ላይ፦ ጌጁ (የውፍረት ቁጥሩ) ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 የሚለው ከ28 የቀጠነ ነው፤ "ከፍ ያለ ቁጥር ነው" እያለ የሚሸጥ አለ።

ዝናብ መሰል ሻወርም ሌላው የቲቪ ምኞት ነው። ሮቶው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ነው፤ በሜትር 0.1። ያ ሰፊ ሻወር ቢያንስ 1 ባር ይፈልጋል። ያለ ግፊት ፓምፕ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ጠብታ ነው።

እታለም ፊኒሺንግ፦

ወንድሞቼ፣ ሁሉን ነገር በቲቪው አታመካኙ። ፕሮግራሞቹ ሰው ዓይን የከፈተበት ነገርም አለ። ከዚህ በፊት ጨለማ ሳሎን፣ ማድ ቤቱ ጓሮ፣ ቁም ሳጥን የሌለው መኝታ እየተሠራ "ቤት ነው" ይባል ነበር። አሁን ገዢው ስለ ብርሃን፣ ስለ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ስለ ማድ ቤት ጠረጴዛ ቁመት ይጠይቃል፤ ደግ አደረገ። ጠረጴዛው ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሲሆን ወገብ አያጎብጥም፣ ሶኬቱም ከእሱ በላይ 20 ሴንቲ ገደማ ይሁን።

ኦፕን ኪችን ላይ ግን ከገዢው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው እንፋሎት፣ ሽንኩርት ሲቁላላና በርበሬ ሲገባበት የሚነሳው ጭስ ሳሎኑ ውስጥ ነው የሚቀረው። ከምጣዱ በላይ ያለው ጂፕሰም በመጀመሪያው ዓመት ይጠቁርና መገጣጠሚያው ይከፈታል። አረንጓዴውን የእርጥበት ቦርድ ብትጠቀሙም ቀለሙ አይተርፍም። ጭስ መሳቢያ እንገጥማለን የሚሉ አሉ፤ ጭሱን በ15 ሴንቲ ቱቦ በግድግዳ በኩል ወደ ውጪ የሚያወጣው ዓይነት ብቻ ነው የሚረባው። በፊልትሩ አጣርቶ መልሶ ወደ ቤት የሚለቀው እንፋሎቱን አይቀንስም።

ለዚህ ቤት የምመክረው፣ ምጣዱ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይቅር፤ የውስጡ ማድ ቤት ለስቶቩ፣ ለፍሪጁ፣ ለሻይ ቡናው ይሁን። ግድግዳውን ሙሉ ከማፍረስ ደግሞ ኢንጂነር ያለውን 1.50 ሜትር እንደ መስኮት ክፈቱት፦ ከወለሉ እስከ 1.05 ሜትር ብሎኬቱ ይቅር፣ በላዩ ላይ ግራናይት፣ ከላይ ተንሸራታች የአልሙኒየም መስታወት። ገዢው ሲያየው ክፍት ነው፣ ሲቁላላ ይዘጋል።

ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ደግሞ የት እንደሚያይ ነው ጉዳዩ። ጣና ከከተማው በሰሜን ስለሆነ ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት በአብዛኛው ሰሜን ያያል። ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታጋድልብን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ከሰኔ ወዲያ ደመና ስለሆነ ያን ያህል አያስጨንቅም። ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስታወት ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት ሳሎኑን መጋገሪያ ያደርገዋል። በየትኛውም አቅጣጫ ይሁን የሚከፈተው ክፍል ላይ የትንኝ መረብ ይኑር። እነዚያ ቤቶች ላይ መረብ አይታይም፤ እዚህ የወባ ትንኝ አለች።

የዚህን ሳሎን ቀለም ላስላ፦ ዙሪያው 18 ሜትር በ2.80 ከፍታ፣ ከ50 ካሬ በላይ። በርና መስኮት ሲቀነስ 42 ካሬ ያህል። በአንድ ሊትር 10 ካሬ አንድ ጊዜ ይቀባል፤ ሁለት ዙር ለማስኬድ ከ8 እስከ 9 ሊትር። ድሮ የተቀባው አብረቅራቂ የዘይት ቀለም ከሆነ በላዩ የውሃ ቀለም አይያዝም፤ መጀመሪያ በ120 ብርጭቆ ወረቀት ይጫር፣ አቧራው ይጠረግ፣ ፕራይመር ይቀባ። ሳይጫር የተቀባው በጥፍር ይነሳል፤ ገዢዎች፣ ከበሩ ጀርባ በጥፍር ሞክሩት። ስቱኮው በሁለት ስስ ዙር እንጂ በአንድ ወፍራም አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። አዲስ ልስን ያለበት ቦታ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ አራት ሳምንት ይድረቅ። በቲቪ በማግሥቱ የሚቀባው የጂፕሰም ቦርድ መገጣጠሚያ ስለሆነ ነው፤ የሲሚንቶ ልስን እንዲያ አይሆንም።

ችፑዱን በጂፕሰም ለመቀየር ካሰቡ፣ 12 ሚሊ ቦርድ በካሬ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ካሬ ሳሎን ላይ ወደ 200 ኪሎ ይንጠለጠላል። ችፑዱን የያዘው ሞራሌ (እንጨት) ያን ይችል እንደሆነ ፎርማኑ ይየው። ቁመቱንም ከ2.60 አታውርዱት፣ ሙቀቱ ይከብዳል።

የግሽ ዓባይ ደላላ፦

እግዜር ይስጥልን፣ እታለም። ኢንጂነር፣ እንግዲያው ሻጮቹ በሐምሌ ምን ይሥሩ? "ዝም ብላችሁ ጠብቁ" ብላቸው ሌላ ደላላ ጋ ይሄዳሉ። የምዕራቡን ግድግዳስ በፒቪሲ ፓኔል ብንሸፍነው? ሐይቁ አጠገብ ያለ ቦታ የሚጠይቀን ገዢም አለ።

ኢንጂነር ከፔዳ፦

ፓኔል አታልብሱት። እርጥበቱ ከጀርባው ይቀመጥና ሻጋታ ያወጣል፤ ገዢው በሦስተኛው ወር ሲያገኘው "ደብቃችሁ ሸጣችሁልኝ" ብሎ ክርክር ይመጣል፣ እናንተንም ይጨምራል። የተላጠውን ልስን አንስታችሁ ባዶውን አሳዩት። "ማርሻፔዲውና አሸንዳው ተሠርቷል፣ ሲደርቅ ይለሰናል" ብሎ የልስኑን ዋጋ ከሽያጩ መቀነስ ይቀላል። ገዢ የሚፈራው ምክንያቱን ያላወቀውን ነው።

በሐምሌ የሚሠራው ይህ ነው፦ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የላላውን የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው መቀየር፣ አሸንዳ፣ ማርሻፔዲና ቦይ (ዝናቡ ራሱ ይፈትንላችኋል)፣ የምጣዱ መስመርና ብሬከሮቹ፣ ደረቅ የሆኑት የመኝታ ክፍሎች ቀለም። የአርማታው ሥራም ውስጥ ስለሆነ ይቻላል፤ ከ14 ቀኑ በፊት ግን ብሎኬቱን እንዳይነኩ። ጂፕሰሙን ጣሪያው ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ችሎ ሳያልፍ እንዳይጀምሩ። ካልቸኮሉ ግን ሽያጩን ወደ ጥር ቢያሻግሩት ግድግዳው የመድረቂያ ጊዜ ያገኛል፣ ቀለሙም ይያዛል።

የሴፕቲኩን (የፍሳሽ ጉድጓዱን) ክዳን ደግሞ በነሐሴ ክፈቱት። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ሰፈር ጉድጓዱ ከውጪ ውሃ እየገባበት ይሞላል፤ በሚያዝያ ያየ ሰው ይህን አያውቅም። ስንጥቅ ካለም ጫፉና ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር አስምራችሁ ቀኑን ጻፉበት። በክረምት ተዘግቶ በበጋ የሚከፈት ከሆነ አፈሩ ነው። ከ5 ሚሊ ከሰፋና በየዓመቱ ከቀጠለ ቀለም ላይ አንድ ብር ሳይወጣ መሠረቱ ይታይ።

ሐይቁ አጠገብ ያለውን ቦታ በግንቦት አታሳዩ። የጣና ውሃ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው ከፍ የሚለው፣ ዝቅ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ሲል። አጥሩ ላይ የውሃ ምልክት፣ ግቢው ውስጥ ደንገል ወይ ቄጠማ ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል ማለት ነው። የጣና ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ ስለሆነ የዳርቻውን ወሰን ከከተማው አስተዳደር ሳታረጋግጡ ቀብድ አታስከፍሉ። እዳና እገዳ ማጣራቱን ታውቁታላችሁ።

ሦስት ፌዝ፦

አንድ የቀረ ነገር፣ ውሉ ላይ። ቦይለሩ፣ ሮቶው፣ ፓምፑ፣ ስፖቶቹ፣ የመጋረጃ ሀዲዱ ከቤቱ ጋር ይሸጣሉ ወይስ ይነሳሉ? በጽሑፍ ካልሰፈረ ሻጩ ሲወጣ ነቅሏቸው ይሄዳል፣ ሽቦውም ጫፉ ሳይሸፈን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቆጣሪውም የሻጩ ስም ላይ ከሆነ ያልተከፈለ ሂሳብ እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ስሙን ለማዛወር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ፎርማን 28 ጌጅ፦

የቆርቆሮ ሚስማሩን ስትቀይሩ በድሮው ቀዳዳ አትምቱት፤ ሞራሌው ውስጥ ላልቷል። 3 ሴንቲ ጎን ብላችሁ በማዕበሉ አናት ላይ ምቱ፣ በሸለቆው ከመታችሁት ውሃ ይገባል። የድሮውን ቀዳዳ በሲሊኮን ድፈኑ፣ ቆርቆሮው ሲደርቅ እንጂ እርጥብ ሳለ አይያዝም።